«ብራዘር» ያልኩበት ክረምት

ሰኔ 29 ቀን 1995 ዓ.ም.

ቲቸር፣ ስሜን አስቀድመሽ ጻፊ። በከር ሁሴን። ልብስ ሰፊ። ሱቄ ተክለ ሃይማኖት፣ ቤቴ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ። ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት ወይ ሰባ፤ የወደድሽውን አድርጊው።

ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። አርባ ዓመት ፍርድ ቤት አጠገብ ስኖር፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ በየጥዋቱ ጃንጥላቸው ሥር ተቀምጠው ሰው ሁሉ በደሉን ሲያስጽፍ አያለሁ። ያላስጻፈ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ ሲያለቅስ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ የእኔም ይጻፍ። የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ዕፀገነት ናት፤ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራ ጡረታ የወጣች። ዋጋዋን ቀሚስ እየሰፋሁ እከፍላታለሁ። እኔ ያልኩትን እንጂ እሷ ያሰበችውን እንዳትጽፍ ተስማምተናል። «እሞክራለሁ» ብላለች። ይሄንንም ጻፈችው።

ነገሩ ይሄ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሙከሚል ሊመጣ ነው፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ።

ሚስቱ ጀነት በወለደች በዓመቷ ሞተችበት። ልጁን ሙስአብን ይዞ መጣና የእኔ ሚስት መይሙና ጭን ላይ አስቀመጠው። «ለስድስት ወር ነው ጋሼ» አለኝ። በሱዳን አድርጎ ወጣ። ልጁ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አሁን አሥራ ሰባት ነው። እኔን አባዬ፣ መይሙናን እማዬ ይላል። ሌላ ልጅ የለንም።

ሙከሚል የሚኖርበትን አገር ስም አልጠራም። የብርድ አገር በዪው። እዚያ ሆኖ ልጁን ለመውሰድ ፎርም አስገብቷል። ልጁ አሥራ ስምንት ሳይሞላው መሄድ አለበት ይላሉ፤ ከሞላው መንገዱ ሌላ ነው፣ ረጅም ነው። የሚሞላው ኅዳር ላይ ነው። መይሙና ደስ ብሏታል። እኔም ደስ ብሎኛል።

ጻፊው እንጂ፣ ደስ ብሎኛል።


ሐምሌ 5

ከሦስት ቀን በፊት መጣ። ወፍሯል። ያረፈው ሜክሲኮ ሆቴል ይዞ ነው። «የወንድምህ ቤት እያለ?» አልኩት። «አይ ጋሼ፣ ሽንት ቤቱ...» አለና ተወው። በዚያ ሽንት ቤት ስንት ዓመት ተጠቅሟል።

ኮት አመጣልኝ። ትከሻው ሁለት ጣት ይሰፋኛል። ገበሩን ብገልጠው በሙጫ ነው የያዙት፣ መርፌ አልነካውም። አርባ ዓመት ሰው ያለበስኩትን ሰውዬ፣ ልኬን እንኳ ሳይጠይቅ! «ያምርብሃል ጋሼ» አለኝ። አመሰገንኩ። በማግስቱ ሱቅ ወስጄ ሙሉ በሙሉ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። አሁን ኮት ሆነ።

እራት ላይ ሙስአብ «አባዬ» ብሎ ሲጣራ እኔም ሙከሚልም እኩል ዞርን። ልጁ ደነገጠ። ከዚያ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። «ውሃውን አቀብለኝ ልልህ ነው» አለ።

ሙከሚል ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ውሃውን አቀበልኩ።


ሐምሌ 10

ሙከሚል ወረቀት ሰጠኝ። «እዚህ ጋ አሻራህን ታሳርፍልኛለህ ጋሼ፣ ፎርማሊቲ ነው» አለ። ነገ አልኩት። ሳላስነብብ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ አላውቅም።

ወደ ቲቸር ወሰድኩት። እስከ መጨረሻው አነበበች። መነጽሯን አወለቀች።

«ምን ይላል?»

«ጋሽ በከር፣ ቢቆይስ?»

«ያለውን አንብቢ። እኔ ደንበኛ ይከፋዋል ብዬ መቀሴን አልመልስም።»

ሙከሚል ያን ጊዜ ጥገኝነት ሲጠይቅ የሰጠው ቃል ነው፤ የእኔ አሻራ ልክ ነው ብሎ እንዲያጸናው ተፈልጓል። እንዲህ ይላል፦ እናቴ፣ አባቴና ወንድሜ ሞተዋል። አገር ቤት የቀረኝ ዘመድ የለም። ልጄን በከር ሁሴን የሚባል የቤተሰብ ወዳጅ ይዞልኛል።

«በእንግሊዝኛው ምን ብሎ ነው?»

«ፋሚሊ ፍሬንድ።»

«እሱ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ወንድሙስ?»

«ሞቷል ነው የሚለው።»

አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ አለሁ ማለት ነው። አንዴ ሬሳ፣ አንዴ ባዳ።

ይሄን ቃል የሰጠው በ81 ነው። እናታችን ያኔ እዚህ ቤት፣ እዚያ ጥግ ያለው አልጋ ላይ ነበረች። የሞተችው በ84 ነው። እስከ መጨረሻው ቀን «ሙከሚል ደብዳቤ አልጻፈም?» ትል ነበር። ጽፏል እናቴ። አንቺን ከሦስት ዓመት በፊት ቀብሮ ጽፏል።

ፈረንጆቹ እንዴት አመኑት ብትይ፣ እንዲህ ነው። እኔ የበኩር ልጅ ስለሆንኩ ወሎ ሳለን አያቴ ሁሴን ወስዶ አሳደገኝ። በእሱ ስም ተጠራሁ። ሙከሚል በአባታችን በዓሊ ተጠራ። በከር ሁሴን፣ ሙከሚል ዓሊ። መታወቂያችንን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ፈረንጅ በምን ይጠረጥራል? በአያቱ ስም የሚጠራ የበኩር ልጅ በእኛ አገር ስንት አለ! አያቴ በፍቅር የሰጠኝን ስም ወንድሜ መካጃ አደረገው።

አሻራዬን አላሳረፍኩም። ለጊዜው።


ሐምሌ 11

የሰው ሱሪ አበላሸሁ። አንዱን እግር ከአንዱ አሳጠርኩት። አጠገቤ ጫማ የሚጠግነው ሸዋንግዛው አየና «ጋሽ በከር፣ ደንበኛው አንካሳ ነው እንዴ?» አለ። ስፌቱን መፍታት ጀመርኩ።

በእናቴ ቀልዷል። አይለቀኝም።


ሐምሌ 15

ቲቸርን እንግሊዝኛ አስተምሪኝ አልኳት።

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«የዘመድ የዘመዱን ብቻ። ፊደል አልፈልግም፤ በጆሮዬ ነው የምይዘው።»

እኔ የደንበኛ ልክ የምይዘው በክር ነው። ደረት አንድ ቋጠሮ፣ ወገብ ሁለት፣ እጅጌ ሦስት። የሁለት መቶ ሰው ክር ሳጥን ውስጥ አለኝ፤ ተሳስቼ አላውቅም። ለእንግሊዝኛውም ክር አወጣሁ።

ፋዘር፣ አባት። ማዘር፣ እናት። ብራዘር፣ ወንድም። ሲስተር፣ እህት። እያንዳንዱን ስትነግረኝ ቋጠርኩ። ታላቅም ታናሽም ወንድም ያው ብራዘር ነው፤ ጋሼ የሚባል የላቸውም። ታዲያ ማን ለማን ይነሣል አልኳት። «ማንም ለማንም አይነሣም» አለች። ይሄ ነው ሙከሚልን ያበላሸው።

አማት ማዘር ኢን ሎው ናት፤ የሕግ እናት እንደማለት ነው። የመይሙናን እናት፣ አላህ ይማራትና፣ ሕግም አይችላት ነበር። አክስት አንት፣ አጎት አንክል። የወንድም ልጅ ኔፊው፤ ስትለው ልታስነጥስ የደረሰች ትመስላለች። የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ ወንድ ሆነ ሴት፣ ሁሉም ከዘን። አንድ ጆንያ ውስጥ ከተዋቸዋል። እንጀራ አባት ስቴፕ ፋዘር፣ አሳዳጊ አባት ፎስተር ፋዘር።

«እነዚህን ዝለያቸው» አልኩ።

«ለምን? ይሄኛው እኮ ለእርስዎ...»

«ቅጥያ ያለበት ልብስ አልወድም። ዝለያቸው።»

ብራዘርን ሃያ ጊዜ አስደገመችኝ። ምላስ በፊት ጥርሶች መሃል ብቅ ማለት አለበት አለች። የፊት ጥርስ የለኝም። «ለዚህ ድምፅ እንደውም ያመቻል» አለች። እንዲህ ያለችው አስተማሪ ናት።


ሐምሌ 20

ሙከሚል ሱቅ መጣ፣ ከዚያው ከብርድ አገር ከመጣ ጓደኛው ጋር። ሐበሻ ናቸው ሁለቱም፤ የሚያወሩት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ጨርቅ የማሰምር መስዬ ጆሮዬን ጣልኩ። ሙከሚል በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ ሲያወራ «ፍሬንድ» አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን ያልፈኝ ነበር።

ሰውየው ሲሄድ በሩን ገርበብ አደረግኩት።

«ሙከሚል፣ ወረቀቱን አስነበብኩት።»

ፊቱ አመድ መሰለ። በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ካምፕ ውስጥ ነበርኩ። ዘመድ አለኝ ያለውን ይመልሱታል እየተባለ ይወራ ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነው ያስጻፈው።»

«እናቱንም?»

«ወረቀት ነው እኮ ጋሼ!»

«ወረቀት ከሆነ ቅደደው።»

«አሁን ቃሌን ብለውጥ ውሸታም ይሉኛል። የእኔም ዜግነት ይነካል፣ የልጁም ይቀራል። ነሐሴ 15 ኤምባሲ ትቀርባለህ፣ አሻራህንም እዚያው ታሳርፋለህ፤ አንዲት ቀን ብቻ የቤተሰብ ወዳጅ ነኝ በልልኝ። እግርህን ልሳም።»

ጎንበስ አለ። ሰው ሲጎነበስ ይዞ ማንሣት ወግ ነው። አላነሣሁትም። ጫማዬን እስኪስም ጠበቅኩ። ከዚያ «እሺ» አልኩት።

አመነኝ። አቀፈኝ። እንባው አንገቴን አረጠበው፤ በመሀረብ ጠረግኩት፣ የራሴን አንገት።

አሁን ይሄን በደንብ ጻፊ ቲቸር። አስተርጓሚ አለ ብሎኛል። አልፈልግም። የካደኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ የምመልስለትም በእንግሊዝኛ ነው። እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ በገዛ ጆሮው እየሰማ። አንድ ቃል ትበቃኛለች።

ቲቸር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ልጁስ?» አለችኝ።

«ልጁ እዚህ ምን ጎደለበት?»

እስክሪብቶውን አንሥቼ ሰጠኋት። ጻፊ አልኳት።


ሐምሌ 28

ዝናብ። ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈስሳል። ሙስአብ ከመርካቶ ሻንጣ ገዝቶ መጣ፤ መሃል ቤት አስቀምጦታል፣ ሰው ሁሉ እየተደናቀፈበት።

«ሂ ኢዝ ማይ ብራዘር።» ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ መስጊድ፣ ከመስጊድ ቤት። ሸዋንግዛው ለደንበኛዬ «ጋሽ በከርን አታቋርጣቸው፣ ዚክር ላይ ናቸው» አለው። ይበል።


ነሐሴ 3

ሙስአብ «አባዬ፣ ና ላለማምድህ» አለኝ። መነጽሬን አፍንጫው ላይ ሰክቶ እንደ ኤምባሲ ሰው እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

«ሁ አር ዩ ቱ ዚስ ቦይ?»

«እ?»

«ለዚህ ልጅ ምኑ ነህ ማለት ነው። አሁን አንተ ‹ፋሚሊ ፍሬንድ› ትላለህ።»

«ፋሚሊ ፍሬን።»

«መጨረሻው ላይ ‹ድ› አለች እኮ አባዬ።»

«ለእሷ የሚሆን ጥርስ የለኝማ።»

ሳቀ። መይሙናም ከጓዳ ሳቀች። ደግሞ አስባለኝ፣ ደግሞ። አምስተኛው ላይ ሳቁን ተወና መነጽሬን አወለቀ።

«ተናደሃል አይደል?»

«በምን?»

«በዚህ ቃል።»

«ቃል ነው።»

«እኔም አልወደድኩትም። ግን ስማኝ፤ እዚያ ደርሼ ትምህርቴን ልጨርስ፣ ለአንተና ለእማዬ ራሴ ፎርም እሞላላችኋለሁ። ፋዘር ብዬ ነው የምሞላህ። ማን ይጠይቀኛል? ማን እንዳሳደገኝ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም።

አስታውሳለሁ። «ሂድ መጽሐፍህን አንብብ» ነው ያልኩት።


ነሐሴ 4

ልጅ ነው። እዚያ ሲደርስ ይረሳል። አባቱም ስድስት ወር ብሎ ነበር።

ሐሳቤን አልቀየርኩም።


ነሐሴ 9

መይሙና ያዘችኝ። እራት ላይ ጎርሼ ሳላኝክ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እያልክ ነው?»

«ዚክር።»

«ዚክርማ በአረብኛ ነው። የአንተ ደግሞ ከቲቸር ቤት የመጣ ነው። ምን ልታደርግ ነው በከር?»

«ምንም።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬያለሁ፤ ዝም ስትል አውቅሃለሁ። ሙከሚልን መምታት ከፈለግክ ምታው። በጥፊ ምታው፣ እኔም እይዝልሃለሁ። በልጁ ግን አትምታው።»

«ልጁን ማን ነካው?»

ተነሥታ ሳህኑን አነሣች፣ ገና ሳልጠግብ።

መይሙና ያልገባት ነገር አለ። ሙከሚል ቤት አለው፣ መኪና አለው፣ ዜግነት አለው። ጥፊ ምኑ ነው? ሌላ የሚያመው ቦታ ቢኖር እዚያ እመታው ነበር።


ነሐሴ 14

ነገ ነው። ፀጉሬን ተቆረጥኩ። ለሙስአብ ጥቁር ሱፍ ሰፍቼለታለሁ፣ ልኩን ሳልወስድ፤ የእሱን ልክ ክር ሳላይ አውቀዋለሁ። ሲለብሰው መስታወት ፊት ዞር ዞር አለ። «አባዬ፣ ሚኒስትር አስመሰልከኝ» አለ።

እኔ ያቺን ኮት እለብሳለሁ። ሙከሚል የሰጠኝን፣ እኔ የሰፋሁትን።


ነሐሴ 15

አልኩት። ቲቸር፣ አልኩት።

ዛሬ ሌላ አላስጽፍም።


ነሐሴ 16

እሺ፣ ተቀመጪ።

ሦስታችን ገባን፤ እኔ፣ ሙከሚልና ሙስአብ። የምትጠይቀን ሴት ወጣት ናት፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች። አስተርጓሚው ከረቫት ያሰረ ልጅ ነው። ለሙከሚል የደም ምርመራው አልቋል፣ ልጅህ ነው አለችው። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ልጁን ለአባቱ ለማስረከብ ፈቃደኛ ነዎት ወይ ብሎ አስተረጎመ። ነኝ አልኩ። ለአመልካቹ ለአቶ ሙከሚል ምናቸው ነዎት ብሎ አስተረጎመ። አፉን ሳይገጥም ተው ብዬ እጄን አነሣሁበት። ዓይኗን እያየሁ፦

«ሂ ኢዝ ማይ ብራዘር። ዋን ፋዘር። ዋን ማዘር።»

ወደ ሙከሚል አልዞርኩም። ወንበሩ ግን ሲንሲያጠጥ ሰማሁ። ያቺን ድምፅ እስክሞት አልረሳትም። ጣፈጠችኝ። ለእናቴ አልኩ በልቤ።

ሴትየዋ ፋይሉን ገለጠች። አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አቆመች። «ብራዘር?» አለችኝ።

«ብራዘር» አልኳት። እንዴት ጥርት ብሎ እንደወጣ ብትሰሚው!

ሙከሚል በእንግሊዝኛ መንተባተብ ጀመረ። በመዳፏ አስቆመችው። እና ወደ ሙስአብ ዞረች። ወደ እኔ እያመለከተች ጠየቀችው። አስተርጓሚው አልተረጎመም፤ ልጁ ቋንቋውን ይችላል። እኔም ጥያቄዋን አወቅኳት። ሙስአብ ራሱ መነጽሬን አድርጎ የጠየቀኝ ናት።

መጀመሪያ አየኝ። ሰው አዲስ ልብሱን ገልብጦ በውስጥ በኩል ስፌቱን እንደሚያየው አየኝ። ለካ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሲያየኝ አላስተዋልኩም ኖሯል። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ሂ ኢዝ ማይ አንክል።»

አስተርጓሚው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «አጎቴ ናቸው ነው የሚለው» አለኝ። ገብቶኛል አልኩት።

ትክክል ነው። ብትኖሪ ማርክ ትሰጪው ነበር ቲቸር። የአባት ወንድም አንክል ነው። እኔ ወንድሙ ነኝ ካልኩ ልጁ ሌላ ምን ይበል? ፍሬንድ ቢል ውሸት ነው። ሌላውን ቢል...

ሌላውን ቢልም ውሸት ነው። እንዳለ ተዪው።

ፋይሉ ወደ ኋላ ተመለሰ። የሙከሚል የድሮ ቃል እንደገና ይመረመራል፤ እስከዚያ የልጁም ይቆያል። እስከ መቼ? ሴትየዋ ትከሻዋን ነቀነቀች።

በታክሲ ስንመለስ ሦስታችንም አንድ ወንበር ላይ ነበርን። ሙስአብ በመስኮት በኩል ተቀምጧል። የሱፉን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታቸው።


ነሐሴ 18

ሙከሚል መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፍ ላይ ቆመ።

«አጠፋኸኝ ጋሼ።»

«እኔማ ሞቻለሁ። የሞተ ሰው እንዴት ያጠፋሃል?»

«በእኔ ቢሆን ግድ የለኝም! ልጁ ምን አደረገህ?»

«እናትህ ምን አደረገችህ? እዚያ ጥግ ተኝታ ስንት ጊዜ ስምህን እንደጠራች ልቁጠርልህ? ሽንቷን የደፋሁት እኔ፣ የገነዘቻት መይሙና፣ ጉድጓድ ያወረዳት የሰፈር ሰው። አንተ የዚያን ጊዜ ቀብረህ ጨርሰሃል!»

ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለቀሰ። እንደ ልጅነቱ ነው የሚያለቅሰው፣ አፉን ከፍቶ። በልጅነቱ ሲያለቅስ ተሸክሜ ወንዝ አሻግረው ነበር። ለምን እንደነገርኩሽ አላውቅም።

«ደስ አለህ አሁን?»

«አዎ» አልኩት።

ወጣ። መይሙና ምሳ አቀረበችልኝ፤ እሷ ጓዳ ገብታ በላች።


ነሐሴ 20

ሙስአብ ሱፉን አጥፎ የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጦት ሄዷል። በደንብ ነው ያጠፈው። ማጠፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።


ነሐሴ 27

ዛሬ ሙስአብ ምሳዬን ሱቅ ድረስ አመጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው።

«አጎቴ፣ ምሳዎን» አለ።

ሸዋንግዛው መዶሻውን አየር ላይ አቆመ። ልጁ ሳህኑን ማሽኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ፤ ላለመንካት ተጠንቅቆ። «እማዬ እንዳይቀዘቅዝባቸው ብላለች።» ሄደ።

አሥራ አምስት ዓመት አባዬና አንተ ሲለኝ ኖሮ፣ ዛሬ በእርስዎ ጠራኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ሰው ፊት አከበረኝ። እኔ ነኝ ጨዋ አድርጌ ያሳደግኩት።

ሳህኑን ከፈትኩት። ዘጋሁት።

ሸዋንግዛው አንድም ቀልድ አልተናገረም፤ እስኪመሽ ድረስ። ከሁሉም ይሄ አናደደኝ።


ጳጉሜን 2

ሙከሚል ወደ ብርድ አገሩ ተመለሰ። ሊሰናበተኝ አልመጣም። ሙስአብ ብቻውን ኤርፖርት ሸኝቶት መጣ። ሻንጣው አሁንም መሃል ቤት ነው፣ ባዶ። ማንም አያነሣውም። እኔም እየዞርኩት አልፋለሁ።

ቲቸር ዛሬ «ታዲያ አሸነፉ?» አለችኝ። እንደ አስተማሪ ነው የጠየቀችኝ፣ መልሱን እያወቀች።

አሸንፌያለሁ። በትልቁ ጻፊው።


መስከረም 8 ቀን 1996 ዓ.ም.

ከኤምባሲው ደብዳቤ መጣ። የአባቱ ነገር ይቆያል፤ ልጁ ግን አሥራ ስምንት ሳይሞላው ስለራሱ በራሱ ፎርም መሙላት ይችላል ይላል። ይሳካ ይሆናል፣ አይሳካም ይሆናል። ሁለት ወር ነው የቀረው።

ሙስአብ ፎርሙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። እኔ ፊት ለፊቱ አንድ አዝራር እተክላለሁ፤ ያው ሦስት ጊዜ የተከልኩት አዝራር ነው። ያሳደጉህን ሰዎች ዘርዝር የሚል ቦታ አለው።

«እማዬ፣ የተወለድሽው መቼ ነው?» ነገረችው። ጻፈ። «እማዬ፣ ሥራሽን የቤት እመቤት ልበል?» በል አለችው። ጻፈ።

ከዚያ እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ።

«አጎቴ፣ የተወለዱበት ዓመት?»

«እናትህ ታውቀዋለች።»

ጠየቃት። ነገረችው። ጻፈ። ከቁጥሩ አጠገብ ባለችው ባዶ ቦታ አንዲት ቃል ጨመረ፣ አጭር። ማንበብ ባልችልም እጁ ሲሄድ አያለሁ።

«ምን ብለህ ሞላኸኝ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት እችለው ነበር።

«እርስዎ ኤምባሲ ያሉትን ነው የሞላሁት» አለኝ።

ቲቸር፣ እንግዲህ ስሚኝ። ይሄን ደብተር ያስጻፍኩት ሙከሚልን ልከስበት ነበር። በሙከሚል አልጸጸትም። ነገ ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ ቃል እደግምለታለሁ፤ ከፈለግሽ አስምሪበት። ግን ያንን ቃል ስል ያነጣጠርኩት ሙከሚል ላይ ብቻ ነው። በሌላ በኩል የተቀመጠው ማን እንደሆነ ልቤ ረስቶት አልነበረም። ረስቶት ነበር ብዬ ባስጽፍሽ ይቀለኝ ነበር። ልጁ ሻንጣ ሲገዛ እኔ ብራዘር ብራዘር እያልኩ መንገድ ለመንገድ የዞርኩት ለእናቴ ብቻ አልነበረም። እንዳይሄድብኝ ነበር። ይኸው፣ አስጻፍኩሽ።

ደብተሩን ለልጁ ስጪው። እኔ ማንበብ አልችልም፣ እሱ ይችላል። ከመጀመሪያው ያንብበው። አንዲት መስመር እንዳትሰርዢ፤ የሚያሳፍረኝንም ቢሆን። ይቅርታ የሚል ነገር ግን ከራስሽ እንዳትጨምሪበት፤ የምለው ከሆነ በራሴ አፍ ነው የምለው።

ሲያነብ ማየት አልችልም። ሱቅ ነኝ በዪው። በሩን አልዘጋውም።